ዶሮዋ የታቀፈቻቸው አምፖሎች

ኢንጅባራ ውስጥ ተበላሽቶ የቀረ ዕቃ ካለ፣ ወይ እኔ እጅ አልገባም ወይ መብረቅ መትቶታል እያልኩ የምፎክር ሰው ነበርኩ። ነበርኩ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። ሱቄ መናኸሪያው አጠገብ ናት። ከመጥበቧ የተነሣ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ በመስኮት ነው የሚያዋየኝ። ሞባይል፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ ቴሌቪዥን፣ ካውያ፣ የማይጮህ የበር ደወል፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ።

እጄ ሥራ ይወዳል። ራሴ ግን ቤቱን ጥሎ የሚዞር ራስ ነው። የኢንጅባራን ጉም የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ይመጣና መንገዱንም፣ ባጃጁንም፣ ሰዉንም ዋጥ አድርጎ ድምፁን ብቻ ይተወዋል። የፈረስ ኮቴ ይሰማል፣ ፈረሱ የለም። ሴትዮ ትስቃለች፣ ሴትዮዋ የለችም። እኔ እንዲህ ባለ ሰዓት የሽቦ መበየጃ ስታኞዬን እንደያዝኩ በሐሳብ ጭልጥ እላለሁ። ባለቤቴ ዘነበች «ይኼ ሰውዬ ቁጭ ብሎ መንገድ ይሄዳል» ትላለች። አንድ ቀን የሰው ሪሞት ፈትቼ በዚያው ሄጄ ስመለስ፣ ደንበኛው ጠብቆ ጠብቆ ቤቱ ገብቷል። ሪሞቱን በማግሥቱ መጥቶ ወሰደ፤ ተቀይሞ ስለነበር ሰላምታም አልሰጠኝ።

ነገሩ የጋሽ ይሁኔ ነው። ጋሽ ይሁኔ ድሮ ዋናው መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበራቸው። መንገደኛ ሁሉ እዚያ ሳይቆም አያልፍም ነበር ይባላል። እውነቱን ለመናገር ሻዩ ከሰው ሻይ የተለየ አልነበረም፤ ሰዉን የሚያቆመው አምፕሊፋየሩ ነበር። ከአሥመራ በጭነት መኪና የመጣ፣ ሳጥኑ የእንጨት የሆነ፣ ቁልፎቹ ሎሚ ሎሚ የሚያህሉ፣ ሲያነሡት ወገብ የሚሰብር ዕቃ ነው። የዛሬው ዕቃ ድምፅ የሚያጎላው ከምስር በምታንስ ነገር ነው፤ የዚህኛው ግን ከጀርባው በተሰኩ አራት የብርጭቆ አምፖሎች ነው። ሲከፈት ወዲያው አይጮህም። አምፖሎቹ መጀመሪያ ከሥራቸው ደብዘዝ ብለው ይቀላሉ፣ ከዚያ ይግላሉ፣ ተረጋግታችሁ ሠላሳ ስትቆጥሩ ድምፁ ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ ዘፋኙ ከሳጥን ውስጥ ሳይሆን ከጎናችሁ ተቀምጦ የሚዘፍን ነው የሚመስለው። እኔ ልጅ ሆኜ ያንን ለመስማት ስል ነው የሻይ ቤቱ አጥር ሥር እየዋልኩ ትምህርቴን የጎዳሁት።

ሻይ ቤቱ ከተዘጋ፣ አምፕሊፋየሩም ከተበላሸ ቆይቷል። ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ ካረፉ ወዲህ ጋሽ ይሁኔ ያን ቤት ይዘው ብቻቸውን ናቸው። አንዲት ልጃቸው ትዕግሥት የምትኖረው ባሕር ዳር ነው። የአባቷ ደረት የኢንጅባራን ብርድ አልቻለም፤ ክረምት ሲገባ ሳላቸው ከመንገድ ይሰማል። «እኔ ጋ ይምጡ፣ እዚያ ይሞቅዎታል» ስትል ሁለት ዓመት ለመነቻቸው። ባለፈው ሰኔ ጋሽ ይሁኔ በስልክ «እሺ ልጄ፣ እመጣለሁ» አሏት። «ይቺ ዕቃ ትሠራና ይዣት እመጣለሁ። እሷን በደህና ሳልሰማት ግን ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም።» እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ደረቴን ነፋሁ። የአንድ ቤተሰብ ነገር በእኔ እጅ ላይ መውደቁ ነው ብዬ በዚያው ቀን ቴስተሬን ይዤ ሄድኩ።

ዕቃው ከቤት አይወጣም አሉ። ግድ የለም፣ ከቤታቸው እሠራዋለሁ አልኩ። አንድ ቀን ይበቃዋል ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ቀን አቧራውን ጠርጌ፣ ያረጁትን ካፓሲተሮች ቀይሬ፣ የተበጣጠሰውን ሽቦ በስታኞ አያይዤ ነገ እንከፍተዋለን ብዬ ሄድኩ። በማግሥቱ ስመለስ ፊውዙ የለም።

«አይጥ ይሆናል» አሉ ጋሽ ይሁኔ።

ሌላ ፊውዝ ገጠምኩ። እሱም ጠፋ። ከዚያ የድምፅ ማጉያው ሽቦ ተቆርጦ ተገኘ፤ ደግሞ ሲቆረጥ እንዴት ያለ አቆራረጥ መሰላችሁ፣ በምላጭ እንኳ እንዲህ አያምርም። እኔ «የጋሽ ይሁኔ ቤት አይጥ ባትሰርቅ ኖሮ ሱቅ ውስጥ እቀጥራት ነበር» እያልኩ ለዘነበች አወራለሁ። ዘነበች አየት ታደርገኝና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ደግሞም ልደብቃችሁ አልችልም፣ ሥራው መጓተቱ አልከፋኝም። ጋሽ ይሁኔ ድንች ይቀቅላሉ፣ ሚጥሚጣ ያቀርባሉ፣ ጉሙ መስኮቱ ላይ ይተኛል፤ እሳቸው ስለ ድሮ ሾፌሮች ይነግሩኛል፣ እኔ ሽቦ እልጣለሁ። ሳላቸው ሲነሣባቸው ወሬያቸው ከሁለት ይቆረጥና ያው ሾፌር መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። አንድ ቀን ያልኩት ሥራ እንዲህ እንዲህ እያለ መስከረም ጠባ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ትዕግሥት ደወለች። «ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ ዕቃው ተሠራም አልተሠራም ይነግሩኛል» አለችኝ። ነገሩ ከክብሬ ላይ ቆመ። «ቅዳሜ ሙዚቃ እየሰማሽ ነው የምትጭኚው» አልኳት። ይህን ያልኩት እሑድ ነው። ሰኞ ጠዋት ስሄድ አራቱም አምፖሎች የሉም።

«ሌባ ነው» አሉ ጋሽ ይሁኔ፣ ዓይናቸውን ከድንቹ ላይ ሳያነሡ።

ሌባው ቴሌቪዥኑን ትቷል። ጋቢውን ትቷል። የግድግዳ ሰዓቱንም ትቷል። በሩ አልተሰበረም። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «የዘመኑ ሌባ ዕውቀት አለው» ብዬ አደነቅሁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ይህን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ጋሽ ይሁኔ ድንቹ ትን አላቸውና ውኃ ሰጠኋቸው።

እንዲህ ያለ አምፖል ዛሬ ሱቅ አይገኝም። ያለው አንድ ሰው ዘንድ ነው፤ ዳንግላ፣ አያ ደምሴ ዘንድ። አያ ደምሴ ሙያ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ራዲዮ መጠገን ትተው ንብ ማነብ ከጀመሩ ቆይተዋል። «ንብ ቢበላሽ እንኳ ራሱን ይጠግናል» ይላሉ። በዚያው ሰኞ ዳንግላ ወረድኩ፣ ከመናኸሪያው ጋሪ ይዤ ቤታቸው ደረስኩ። ከአልጋ ሥር አሮጌ የወተት ዱቄት ጣሳ አወጡ፤ ውስጡ አራት አምፖል በጥጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ለእኔ በዚያች ሰዓት ከዚያ የበለጠ የሚያምር ነገር ዓለም ላይ አልነበረም።

«በምን ልትወስዳቸው ነው?» አሉኝ።

«በቦርሳዬ።»

«ሞኝ ነህ። ቦርሳህን ጣራ ላይ ይወረውሩታል። በላዩ ላይ የድንች ጆንያ ይጭኑበታል። ዕቃ ነው ብትል ማን ይሰማሃል? እንቁላል ነው በል።»

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ሚኒባስ ውስጥ እንቁላል የያዘ ሰው ከካህን ቀጥሎ ይከበራል። ረዳቱ እንኳ «እንቁላል አለ፣ እንቁላል አለ» እያለ ሰዉን ያስጠጋል። አያ ደምሴ የቀርከሃ ቅርጫት አመጡ፣ ከሥር ጭድ አደረጉ፣ አምፖሎቹን በጭዱ ውስጥ ቀበሯቸው፣ በላዩ ገበያ የገዛሁትን አሥራ ሁለት እንቁላል ደረደሩበት። ቅርጫቴን ታቅፌ ስገባ ረዳቱ የፊተኛውን ወንበር ለቀቀልኝ። በሕይወቴ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።

አጠገቤ የተቀመጡት ጠና ያሉ ሴት፣ እሳቸውም የቀርከሃ ቅርጫት ታቅፈዋል። ፈንታነሽ እባላለሁ አሉኝ፤ ቤታቸው ጥርባ፣ ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ነው። እንቁላሉን ዳንግላ ያለችው እህታቸው ሰጥታቸው ነው፤ ዘሩ የታወቀ ነው፣ አውራ ዶሮው በግ ያህላል፣ ሊበሉት ሳይሆን ዶሮ ሊያስታቅፉት ነው። «ዶሮዬ ከትናንት ጀምራ ባዶ ጎጆ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው» አሉኝ። እኔም ሁለታችንም የሚጠብቀን አለ ብዬ ደስ አለኝ። ቅርጫቶቻችንን እግራችን ሥር ጎን ለጎን አስቀመጥን።

ከዚያ ሚኒባሱ ሞቀ። ዝናብ መስታወቱን መታ መታ አደረገ። እኔ ዓይኔን ገጠም አድርጌ አምፖሎቹ ሲበሩ አሰብኩ። ማሰቡ ወደ ሕልም ሲዞር አላወቅሁም። ተሳፋሪው ሁሉ በየወንበሩ ተሰክቶ ከሥሩ ቀስ እያለ ሲቀላ አየሁ። እትዬ ፈንታነሽ ቀሉ፣ ረዳቱ ቀላ፣ ሾፌሩም ቀላ፤ ሠላሳ ሲቆጠር ሚኒባሱ በሙሉ አንድ ለስላሳ ድምፅ ሊያወጣ ነው። ሃያ ዘጠኝ ላይ «ኢንጅባራ! ወራጅ!» ተባለ። ቅርጫቴን አነሣሁ፣ ከጉሙ ውስጥ ገባሁ፣ ቤቴ ሄድኩ። ሕልሙ ሳያልቅ መነሣቴ አናዶኝ ስለነበር የያዝኩትን ቅርጫት ልብ ብዬ አላየሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ዘነበች ለእኔና ለልጆቹ ስድስት እንቁላል ጠበሰች። አስኳሉ ቢጫነቱ ልዩ ነው። «የዳንግላ እንቁላል ይለያል» እያልኩ በዳቦ ጠረግሁ። እጄን ታጥቤ አምፖሎቼን ላወጣ ጭዱ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። ጭድ። ጠለቅ አደረግሁ። ጭድ። ቅርጫቱን ገለበጥኩት፤ ዘጠኝ እንቁላልና ጭድ ብቻ። ስድስት የበላነውን ሲደመር አሥራ አምስት፤ እኔ የገዛሁት ደግሞ አሥራ ሁለት። ዘነበች ነገሩ ሲገባት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ስቃ እንደሆነ አዝና እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ዘጠኙን እንቁላል ከነቅርጫቱ ታቅፌ በባጃጅ ወደ ጥርባ በረርኩ። ቤታቸውን ማግኘት አልከበደኝም። እትዬ ፈንታነሽ ደጃቸው ላይ ነበሩ፤ ሲያዩኝ ፊታቸው ጠቆረ።

«አንተ ነህ ወንድም ዓለም? እኔ እኮ እህቴን ሳማት አደርኩ። አሥራ አምስት ሰጠሁሽ ብላ አሥራ ሁለት ሆኖ ሳገኘው ሰሰተችብኝ ብዬ፣ ሁለተኛ ደጇን አልረግጥም ብዬ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቅርጫቱ የት አለ?»

«ዶሮዋ ሥር ነዋ።»

ጭዱ ተመችቶ ስላገኙት ቅርጫቱን እንዳለ ጥግ አስቀምጠው ዶሮዋን ከላዩ አድርገዋታል። ገብቼ አየሁ። ገብስማ ዶሮ ናት፤ ክንፏን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ የጋሽ ይሁኔን ሙዚቃ ታቅፋ ተቀምጣለች።

«መቼ ነው የምትነሣው?»

«ስትፈለፍል። ሃያ አንድ ቀን።»

ቅዳሜ ልንደርስ የቀረን አራት ቀን ነው። እጄን በቀስታ ወደ ሥሯ ሰደድኩ። ገብስማዋ ዓይኗን ሳትከፍት መዳፌን ነከሰችኝ፣ ሁለተኛ ስሞክር ከፍታ ነከሰችኝ። እትዬ ፈንታነሽ ክንዴን ያዙኝ። «የእንግዳ እጅ አይግባባት! ደንግጣ ከተነሣች እንቁላሉ ሁሉ ይገማል። እሷ እናት ናት።» ከዚያ ከጓሮ ላለች ጎረቤታቸው በአዊኛ አንድ ነገር አሏት፤ ሁለቱም ሳቁ። አዊኛ ብዙ አልችልም፣ የሚስቁት በማን እንደሆነ ግን ገባኝ።

ቢጨንቀኝ እውነቱን አወጣሁት። ዶሮዋ የታቀፈችው የእኔን የገበያ እንቁላል መሆኑን፣ ይፈልፈል አይፈልፈል አንድዬ እንደሚያውቅ፣ የእሳቸው የዘር እንቁላል ዘጠኙ ከእኔ ዘንድ እንዳለ ነገርኳቸው።

«ስድስቱስ?»

«ጠዋት… ከልጆቹ ጋር…»

ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ። «በአንድ ቁርስ ስድስት ዶሮ የበላ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። ደግነቱ የዘጠኙ ነገር ዶሮዋን ለማስነሣት ያለኝ ብቸኛ ምክንያት ሆነ። «እንግዲያው ጠብቅ። ከእነዚህ እንቁላሎች ላይ በቀን አንድ ጊዜ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ልትበላና ልትጠጣ ትነሣለች። ያኔ ያንተን አውጥተን የእኔን እንከታለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህም?»

ደጃፉ ላይ ጉቶ ሰጡኝ። ተቀመጥኩ። ከዛፎቹ ወዲያ ሐይቁ ነው፤ አይታይም፣ ጉሙ ግን ከእሱ ላይ እየተነሣ ሲመጣ ይታያል። አንዲት ወፍ አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ትናገራለች። ቤቱ ውስጥ ዶሮዋ ትተነፍሳለች፣ እኔ ደጅ እተነፍሳለሁ። እንዲያ ስሆን ልቤ ሰፋ አለ። ከሰኔ ጀምሮ መቸኮሌን፣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ታቅፎ መቀመጡን፣ ማንም ደርሶ ቶሎ ተነሥ ባይለው ምን ያህል ደስ እንደሚለው እያሰብኩ ነጎድኩ። እትዬ ፈንታነሽ ጠላ ሰጡኝና ለምን እንደምጓጓ ጠየቁኝ። የጋሽ ይሁኔን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«ሽማግሌው መሄድ ይፈልጋል?» አሉኝ።

«ልጃቸው እኮ ናት የምትወስዳቸው። ቤቷ ሰፊ ነው። ይሞቃቸዋል።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ወዲያው ገብስማዋ ላባዋን አራግፋ ወጣች። ሁለታችንም ሮጥን። እሳቸው እንቁላል ለወጡ፣ እኔ ጭድ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። አራቱም ደህና ናቸው። ሞቀዋል። በእጄ ይዤ ትንሽ ቆምኩ፤ ሳይበሩ የሞቁ አምፖሎች ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ ብላችሁ አትሳቁብኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ጋሽ ይሁኔ ቤት ደረስኩ። አምፖሎቹን ሲያዩ «አገኘህ?» አሉና ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። ደስታ መስሎኝ ነበር። አንድ በአንድ ሰካኋቸው። ፊውዝ ከኪሴ አወጣሁ፤ ለአይጧ ብዬ አሥር ገዝቼ ነበር። ከፈትኩት። ከጀርባ ያለው ግድግዳ ቀስ ብሎ ቀላ። ሁለታችንም በልባችን ቆጠርን። አጠገቡ ባለው ማጫወቻ፣ ሸክላው ላይ መርፌውን አስቀመጥኩ፣ ክራሩ መጣ።

እንዴት ልንገራችሁ? ደጁ ጉም ነው፣ ቤቱ ብርቱካንማ ብርሃን አለበት፣ ክራሩ ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ያን ጊዜ ሻይ ቤቱ እንዳለ ተመልሶ መጣብኝ፤ የብርጭቆው ድምፅ፣ የሾፌሮቹ ሳቅ፣ እትዬ ስንዱ ወገባቸውን በመቀነት አስረው ሲመላለሱ። ጋሽ ይሁኔ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ። ሸክላው ሲያልቅ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ነበር።

«እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ተነሥተው ከግድግዳው ላይ የእትዬ ስንዱን ፎቶ አወረዱና በጋቢ መጠቅለል ጀመሩ። ከዚያ ሣጥናቸውን ከፈቱ። አሮጌ ነጠላ አወጡና ዘረጉት። አራት አምፖሎች። ስድስት ፊውዝ። አንድ ምላጭ።

«አይጧ እኔ ነኝ» አሉ። «ሌባውም እኔ ነኝ።»

እኔ ምላጩን አንሥቼ አገላበጥኩት።

«ልጅ በፍቅር ስትለምን እምቢ አይባልም፣ ቀን ነው የሚገፋ። እኔም በዕቃው አሳበብኩ። አንተ ደግሞ የማትመለስ ሰው ሆንክብኝ። እዚህ በሬ ላይ ስቀመጥ መንገደኛው ሁሉ በስሜ ይጠራኛል፤ እዚያ የትዕግሥት አባት ነኝ። ስንዱም ያለችው እዚህ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ መቃብሯ አጠገብ ቁጭ እላለሁ። እሷን ለማን ጥዬ ነው የምሄደው? ግን ቃሌ ቃል ነው። ሲሠራ እመጣለሁ ብያለሁ፣ ተሠርቷል። እሄዳለሁ።»

ከሰኔ ጀምሮ ይህን ሰው ከቤቱ ለማስወጣት ስንቱን ተራራ እንደወጣሁ ያኔ ነው የታየኝ። በጣም አፈርኩ። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አርጅቼ፣ አንድ ሽማግሌ «ዕቃዬ ይሠራና» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አለማወቄ ከሁሉ ነገር አሳፈረኝ።

ቅዳሜ ትዕግሥት መጣች። ጎረቤቱ ሁሉ ለሽኝት ደጁ ላይ ተሰብስቧል፤ ደግሞ እሑድ ዕለት እኔ ራሴ «ቅዳሜ ኑና ጉድ ስሙ» ብዬ ለከተማው ለፍፌአለሁ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ልብሱን ቀይሮ ነው የመጣው። ጋሽ ይሁኔ ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ትዕግሥት ጉንጫቸውን ስማ ወደ እኔ ዞረች።

«ተሠራልን?»

አባቷ ወደ መሬት አዩ። ቃላቸውን አፍርሰው ሊዋሹ አይችሉም። የሚችል ሰው ካለ እኔ ነኝ። አፌ ግን እምቢ አለኝ፤ ሠላሳ ዓመት «አቃተኝ» የሚል ቃል ወጥቶት የማያውቅ አፍ ነው።

«አልተሠራም» አልኩ። «አቅቶኛል።»

ከዚያ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ «ይኼን ሁሉ ፉከራ!» አለ፣ ሰዉም ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ። ትዕግሥት ግን አልሳቀችም። እዚያ ሻይ ቤት ውስጥ ያደገች ልጅ ናት። ብቻዋን ወደ ውስጥ ገባች፤ እኔና ጋሽ ይሁኔ ተከተልናት። አምፕሊፋየሩ ፊት ቆማ ቁልፉን አዞረችው። አምፖሎቹን መንቀል እንደረሳሁ ያኔ ትዝ አለኝ።

ግድግዳው ቀላ። በልቤ እቆጥራለሁ፤ አሥር፣ አሥራ አምስት። ትዕግሥት ሳጥኑ ላይ እጇን አሳርፋ አባቷን አየቻቸው። ጋሽ ይሁኔ ካፖርታቸው ውስጥ ትንሽ ሆነው፣ የቤቱን ግድግዳ ነበር የሚያዩት። ሃያ። ሃያ አምስት። ድምፅ ማጉያው ከሩቅ እም ማለት ሲጀምር ቁልፉን መለሰችው።

«እውነትም አልተሠራም» አለች።

ከቦርሳዋ የአባቷን የሳል መድኃኒት አውጥታ እጄ ላይ አደረገችው። «እንግዲያው በየቀኑ እየመጡ ይሞክሩት» አለችኝ። «አንድ ቀን እንዳይቀሩ። ምድጃውም ቀዝቅዞ ካገኙት ለእኔ ይደውሉልኝ።» ዓይኗ ቀልቶ ነበር። የአባቷን ካፖርት ራሷ አወለቀችላቸው።

እንግዲህ ስሜ በዚህ ዓይነት ጠፋ። አንዳንዱ ደንበኛ አሁን ዕቃውን ዳንግላ ነው የሚወስደው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ለሥራ የሰጡኝን ሪሲቨር ሳልከፍተው ሊመልሱ መጡ።

«አትቀየመኝ ልጄ» አሉኝ። «የአንድ ሽማግሌ ዕቃ ይኼን ሁሉ ወር ያቃተው ሰው፣ የእኔን ያበላሽብኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እውነትዎን ነው እናቴ» ብዬ ሪሲቨራቸውን በላስቲክ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ሱቄን ቆለፍኩና ያቃተኝን ዕቃ ልሰማ ጋሽ ይሁኔ ቤት ሄድኩ።